ሮለር የሌለው የአባቴ ታይፕ

መንፈስ አየሁ፣ ጥላ አለፈብኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እራቱን ምን እንደበላ ነው። ሆሳዕና ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስንት ዓመት የሰውን ክስና የሰውን ክህደት ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ እመኑኝ፣ በወሬ የምደነግጥ አይደለሁም። ይህንንም የማወራችሁ ፈርቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ቤታችን በረንዳ ላይ በርጩማ አውጥቶ፣ አንድ እጀታው በክር የታሰረ መነጽሩን አድርጎ፣ ከፎንቆ ከሞርሲቶ ለሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ በአማርኛ ታይፑ ይጽፍ ነበር። ባለጉዳዩን ነገሩን ሦስት ጊዜ ሳያስነግር አንዲት ፊደል አይመታም፣ አንዴ ለንዴቱ፣ አንዴ ለእንባው፣ ሦስተኛው ግን ለዳኛው ነው ይል ነበር፣ የሚጽፈውም ሦስተኛውን ብቻ ነው። አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደርቦ ይመታል፣ ወረቀቱም እዚያ ቦታ ላይ ይበሳል። አባባ ኧረ ወረቀቱን ቀደድከው ስለው ነገሩ ማለቁ እንዲታወቅ ነው ይለኛል።

እሱ ሲያርፍ ታይፑ ለእኔ ቀረ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የመምህራኑን ፈተናና የጎረቤቱን ማመልከቻ እመታበታለሁ። ግን አርጅቷል። ሮለሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ወረቀት ይዞ አይዞርም፣ «ለ» ከመስመሩ ብድግ ብላ ትዘላለች፣ የቀለም ሪባኑም እየቆመ ያናድዳል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ምክር የጎረፈብኝ። ዱራሜ የሚያስተምረው ወንድሜ ሳሙኤል በየደብዳቤው ሽጪውና ሌላ ግዢ ይለኛል፣ ሬዲዮና ሰዓት የሚጠግነው ጎረቤታችን አቶ ሸምሱ ደግሞ ይህን የመሰለ ብረት የት ይገኛል፣ ሮለሩንና ፊደሉን ብቻ ከሌላ ከተበላሸ ታይፕ አውጥተን እንቀይርለት ይላል። ታይፑን በጣቱ ነክቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ታይፑ ሐሳብ ነበረው፣ እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ነገሩ ደግሞ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በደርግ ጊዜ በእኛ ቀበሌ ቤቱ ታይፕ ያለው ሰው ፊደላቱን በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ መትቶ ናሙና ማስገባት ነበረበት፣ ከተማ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ጽሑፍ ቢገኝ ከማን ቤት እንደወጣ በፊደሉ እንዲለይ ነው። ቤት ውስጥ የሚመታውም እያንዳንዱ ወረቀት በቀበሌው መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት። ፊደሉን ብቀይር አዲስ ናሙና፣ ታይፑን ብቀይር አዲስ ፈቃድ፣ ለሁሉም ሊቀመንበሩ ፊት መቆም ነው። ስለዚህ ለጊዜው ሮለሩን ብቻ ልሞክር ብዬ ወሰንኩ። አቶ ሸምሱ ዓርብ ጠዋት መጥቶ ሮለሩንና ሪባኑን ፈታ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ወሰደ፣ የታይፑ አካል ጠረጴዛው ላይ በአባቴ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሮለር የሌለው ታይፕ ወረቀት የሚይዝበት ነገር የለውም።

የዚያን ዕለት ማታ አንዲት እናት በሬን አንኳኩ። እማማ ማርታ ይባላሉ፣ ከሞርሲቶ ነው የመጡት፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ነው ቤቴን ያሳያቸው። አንድያ ልጃቸው ላቢሶ ከገበያ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዟል፣ የታፈሱት ልጆች ሰኞ ጠዋት ተጭነው ይሄዳሉ፣ አባቱ ሞቷል፣ ለመልማዩ ኮሚቴ ማመልከቻ ይጻፍልኝ ነው የሚሉት። «ልጄ፣ አንድ ነው ያለኝ። ሌላ የለም» አሉኝ። እኔም እማማ ታይፑ ተፈቷል፣ ሌላ ጸሐፊ ጋ ይሂዱ አልኳቸውና በሩን ዘጋሁት። ውሸት አልተናገርኩም፣ ተፈቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ እኔ ጓዳ ሆኜ በከሰል ካውያ ልብስ እተኩሳለሁ። ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ታይፕ መስመር ሲጨርስ የሚደውላት ያቺ ትንሽ ደወል ናት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት። ጣሪያው አፍስሶ ጠብታ ወርዶባት ነው አልኩና መተኮሴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ፣ ዝግ ብሎ፣ በሁለት ጣት የሚመታ ሰው አመታት፣ ድምፁም የብረት አልነበረም፣ ወረቀት ላይ የሚያርፍ የለሰለሰ ድምፅ ነው። አይጥ ናት አልኩ። ከዚያ ዝም አለ፣ ዝም ብሎም ቆየና ሁለት ጊዜ ደርቦ መታ፣ ጠቅ ጠቅ።

ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስቼ አቃጥዬዋለሁ፣ ሸሚዙ የመሥሪያ ቤት ነበር፣ እሱም ያናድደኛል። የፊት ለፊቱን ክፍል ከፍቼ ስገባ ማንም የለም። ታይፑ ቦታው ላይ ነው፣ ሮለሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ ጨርቁ ግን ተነስቶ ወንበሩ ላይ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። እኔ ጨርቅ አላጥፍም፣ እጥላለሁ፣ አባቴ ስንት ዓመት ጮኾብኝ አልተማርኩም። የበረንዳው በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። ከበሩ ወዲያ ዝናቡ ውስጥ የሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ የሴት፣ አንድ ነገር ደግማ ደጋግማ የምትናገር። በሩን አልከፈትኩም። ጨርቁን አንስቼ ታይፑ ላይ ወረወርኩና ወደ ጓዳ ተመለስኩ፣ ይኸው ነው ያደረግኩት።

ማክሰኞ ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቷል፣ አንዱ የእኔ የፊደል ናሙና ነው፣ ሁለተኛው የላቢሶ ማመልከቻ። አግዳሚው ላይ እማማ ማርታ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ አለ፣ ለካ እሁድ ዕለት በዚያ ማመልከቻ ተለቆላቸዋል። መልማዩ ኮሚቴ ልጁን ከለቀቀ በኋላ ማመልከቻው የጸሐፊ ስም የለውም፣ ታይፑ የማን እንደሆነ ይጣራ ብሎ ነው ወደ ቀበሌው የላከው።

«ጓድ አስቴር፣ ይህች የምትዘል ‹ለ› የማን ናት?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

የእኔ ናት፣ ምን እላለሁ፣ ሕፃን ልጅም ይለያታል። በዚያን ጊዜ በዚህ ጉዳይ ሳላስመዘግብ ጻፍኩ ማለት መታሰር ነው። ያልጻፍኩት ወረቀት ሊያሳስረኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ፣ ታይፑ ሮለር የለውም፣ ከዓርብ ጀምሮ ተፈቷል፣ አቶ ሸምሱ ይጠራ ብዬ ጮህኩ። አቶ ሸምሱም ሮለሩን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ታቅፎ መጣ፣ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ከሱቁ እንዳልወጣ ማለ፣ ሊቀመንበሩ ሮለሩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። እኔ ማመልከቻውን አነሳሁት። ወደ መስኮቱ አዞርኩት። እያንዳንዱ አራት ነጥብ ላይ ብርሃን ይሾልካል።

ሊቀመንበሩ ወደ እማማ ማርታ ዞሮ ማን ጻፈልሽ አላቸው። እሳቸውም በቀስታ፣ አማርኛውን እየፈለጉ ተናገሩ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ሁሉ እምቢ ስላሏቸው ቅዳሜ እኔኑ ሊለምኑ ተመልሰው መጡ። በረንዳዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ታይፕ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠው አገኙ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ።

«ሦስት ጊዜ አስነገሩኝ» አሉ። «ሁለቱን ዝም ብለው ሰሙ። ሦስተኛውን ጻፉ። ልጅቷን ልጥራት ብላቸው፣ ተያት፣ ልጄ ደክሟታል አሉኝ።»

አቶ ሸምሱ ሮለሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ አባቴን ከእኔ እኩል ያውቀዋል፣ ቀብሩ ላይም አፈር አልብሷል። ሊቀመንበሩ ብዙ አስቦ መዝገቡ ላይ «ጸሐፊው ያልታወቀ» ብሎ ጻፈና ይህን ታይፕ በሳምንት ውስጥ ለውጪ፣ ሁለተኛ በዚህ ፊደል የተጻፈ እንዳላይ ብሎ አሰናበተኝ። ለውጪ ወይስ ጠግኚ የሚለው የስንት ወር ጭቅጭቅ በዚህ አለቀ።

ሳሙኤል ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፣ ሴትዮዋ ሌላ ጸሐፊ ጋ አስጽፋ ነው፣ የሌላም ሰው ታይፕ «ለ»ው ሊዘል ይችላል አለኝ። የሆሳዕና ታይፕ ሁሉ ይዘላል እንዴ? የተበሳው ወረቀትስ? ሦስት ጊዜውስ? ሞርሲቶ የሚኖሩ እናት የአባቴን መነጽር ክር ከየት አመጡት? መነጽሩ እኮ እኔ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ።

አሁን በሌላ ታይፕ ነው የምሠራው፣ አቶ ሸምሱ ካመጣልኝ፣ ደህና ነው፣ «ለ»ውም አይዘልም። አሮጌው ሮለሩ ሳይገባለት እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ፣ አቶ ሸምሱ ሮለሩን ለመመለስም ሆነ አካሉን ለመለዋወጫ ዕቃ ለመውሰድ እሺ አላለኝም። አባቴ የጻፈውን ሁሉ በካርቦን ቅጂ እያስቀረ መሳቢያው ውስጥ ያኖር ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መሳቢያውን አልከፈትኩትም።

ብቻ የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ አይደለም። ታሞ በተኛ ጊዜ ጀርባውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን መጥቶ እንደምን አደርሽ ሳይለኝ ለማያውቃቸው ሴት መጣ፣ እሱንም እሺ ልበል። እኔ ግን ሮለር ባይኖረኝ እስክሪብቶ ነበረኝ፣ ያቺን አንድ ገጽ በእጄ መጻፍ እችል ነበር። ከኮሚቴው ጋር ስሜ እንዳይነሳ ፈርቼ ነው በሩን የዘጋሁት፣ እሱም ይህን ያውቃል፣ ስዋሽ አንድ ቀን ሳያውቅብኝ ቀርቶ አያውቅም። አውቆ ነው ደክሟታል ያላቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ባለጉዳይ መልሼ አላውቅም፣ በዝናብም ቢመጡ፣ የምፈራው ጉዳይም ቢሆን። ሰው ደግ ሆነች ይለኛል። ደግነት አይደለም፣ ሁለተኛ መጥቶ በሬ ላይ ጥፋቴን እንዲሸፍንልኝ ስለማልፈልግ ነው። እኔ ያን ቀን አልደከመኝም ነበር።