በአርጆ ዳገት የገፋን እጅ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔና በእህቴ ላይ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ።

ማመን የፈለገ ይመን። ያልፈለገ ደግሞ አንድ ቀን ሳይክሉን ይዞ ይምጣና ዳገቱን ይሞክረው።

ጊዜው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ነበር።

ጨለማ አልነበረም። መቃብር የለ፣ ጫካ የለ። አስፋልትና ጉም ብቻ...

ሌንጮ እባላለሁ። ቤታችን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቡድን ሆነን በሳይክል ረጅም መንገድ እንወጣለን፤ አንዴ ወደ ዲጋ፣ አንዴ ወደ አርጆ። መሪያችን መርጋ ሳይክል ጠጋኝ ነው፤ ከፊት ሆኖ ሲጨቀጭቀን ይውላል። እሸቱ ደግሞ ፓምፕና መፍቻ ይዞ ከሁላችንም ኋላ ይከተላል።

ያን ቀን እህቴ ኢቢሴ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ወጣች። ግትርነት ሲታደል ሁለት ጊዜ የተሰለፈች ልጅ ናት። "እኔም እሄዳለሁ" ካለች አለቀ።

እናታችን ድርቤ በሩ ላይ ጸለየችልን። ስታበቃ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ይዘሃት ወጣህ። ይዘሃት ግባ።"

"እሺ፣ እማ።"

በቡድናችን አንድ ሕግ አለ። ዳገት ላይ ሰው ሲደክመው፣ ጉልበት የተረፈው ከኋላ ይመጣና መዳፉን ጀርባው ላይ አድርጎ ይገፋዋል። ገፊው ከመንካቱ በፊት "ጀባዹ!" ይላል፤ በርታ ማለት ነው። ተገፊው ግን ዞሮ አያይም። ዞሮ ያየ መሪው ይጣመምበታል፤ ሁለቱም ይወድቃሉ።

መርጋ ይህን ለኢቢሴ ከመነሳታችን በፊት ነገራት።

"ከኋላሽ ማንም ይምጣ፣ አንቺ ዓይንሽ ከፊት!"

ምነው ባልነገራት ኖሮ...

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወረደብን። ሌሎቹ ከፊት ጠፉ። እኔና ኢቢሴ ወደ ኋላ ቀረን። እሷ ትንፋሽ አጥሯት ፊቷ ቀልቷል። እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል፤ እንኳን ልገፋት ራሴን መሸከም አቅቶኛል።

ድንገት በጎኔ አልፋኝ ሄደች።

እየሳቀች! ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ፔዳሉን እንደ ነገሩ እያዞረች...

"እሸቱን ተባረክ በልልኝ!" አለችኝ ወደ ፊት እያየች።

እሸቱ ደርሶ መግፋት ጀምሯል ማለት ነው አልኩ። ጉሙ ውስጥ ግን ከእሷ ሌላ ሰው አላየሁም። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት።

ትንሽ ቆይቶ የእኔም ጀርባ ላይ መዳፍ አረፈ።

"ጀባዹ" ያለኝ ሰው የለም።

ሳይክሌ ቀለለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። "ገለቶሚ፣ እሸቱ!" ብዬ አመሰገንኩ።

መልስ የለም።

ያን ጊዜ ጆሮዬን አቀናሁ። የእኔ ጎማ እርጥቡን አስፋልት ሲልሰው ይሰማል። የሌላ ሰው ጎማ አይሰማም። ዳገት እየወጣ ሰው የሚገፋ ያለከልካል... ይሄኛው አይተነፍስም።

መዳፉም ሰፊ ነበር። ጣቶቹ ከአንዱ ትከሻዬ እስከ ሌላው ይደርሳሉ።

ዞሬ ማየት ፈለግኩ። ሕጉ ትዝ አለኝ። አንገቴ ደርቆ ወደ ፊት ብቻ እያየሁ ወጣሁ።

አርጆ ከተማ መግቢያ ላይ ለቀቀኝ።

ሁሌም የምናርፈው አዴ ወርቂቱ ሻይ ቤት ነው። ኢቢሴ ቦንቦሊኖ እየገመጠች በደስታ ታወራለች። እኔ ሻዬን መጠጣት አቃተኝ።

እሸቱ የመጣው ቆይቶ ነው። አይሱዙ ላይ ተጭኖ!

"ካቴናዬ ዳገቱ ሥር ተበጠሰ" አለ ሳይክሉን እያወረደ። "ብጮህ የሚሰማኝ አጣሁ።"

ኢቢሴ ማኘኳን አቆመች።

"ታዲያ እኔን ማን ገፋኝ?"

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ።

አዴ ወርቂቱ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ... የነካው ማንን ማንን ነው?"

"እኔንና እህቴን።"

"አመሰገናችሁት?"

"እሸቱ መስሎን... አዎ።"

"ስትመለሱ በመኪና ውረዱ። እሱ አንዴ ካመሰገኑት መግፋት እንጂ መተው አያውቅም።"

"እሱ ማነው?"

ብርጭቆዎቿን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ፈራሁ። ወንድ ልጅ አይፈራም የሚለኝ ካለ ይምጣና የእኔን ጀርባ ይልበስ። ኢቢሴን "በመኪና ነው የምንሄደው" አልኳት። ሳቀችብኝ።

"በሳይክል መጥቼ በመኪና ልመለስ? ሰፈር ምን ይለኛል?"

"ኢቢሴ፣ ለእማ ቃል ገብቻለሁ።"

"እሺ በቃ፣ ፈልግ" አለችኝ።

መናኸሪያ ሄጄ ሳይክል የሚጭን ሚኒባስ አገኘሁ። ተመልሼ ስመጣ ሻይ ቤቱ ውስጥ እሸቱ ብቻ ተቀምጧል።

"ዝናብ ሳይመጣ ብለው ወረዱ። ኢቢሴም አብራ ሄደች። 'ወንድሜ ፈሪ ነው' አለች።"

ሳይክሌ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። "መኪናውን ይዘህ ተከተለኝ!" ብዬው ቁልቁል ተወረወርኩ።

ጉሙ ከጠዋቱ ብሶበታል። መርጋን አለፍኩት። ሌሎቹንም አለፍኩ። "ኢቢሴ አልፋን ሄደች! ፍሬን አልይዝ ብሏታል!" ብለው ጮኹብኝ።

የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።

ከዚያ ድምጿን ሰማሁ።

"ሌንጮ፣ ተው! ና ህን ዺቢን! አትግፋኝ!"

የምገፋት እኔ መስያታለሁ።

ጀርባዋ ታየኝ። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዳ ይዛለች፤ ሳይክሉ ግን ይከንፋል። ቢጫ ጃኬቷ መሐል ጀርባዋ ላይ ወደ ውስጥ ተጭኗል። ሰርጉዷል። ሰፊ መዳፍ... የተዘረጉ ጣቶች... ከኋላዋ ግን ማንም የለም።

ከፊቷ መታጠፊያው አለ። ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው።

"ኢቢሴ! እኔ አይደለሁም!"

"ታዲያ ማነው?"

"አትዙሪ! ውደቂ! ሳሩ ላይ ውደቂ!"

"እፈራለሁ!"

"እማ ትሙት፣ ውደቂ!"

በሕይወቴ በእናቴ ምዬ አላውቅም ነበር።

መሪውን ለቀቀች። ራሷን ወደ ሳሩ ወረወረች። ስትንከባለል አየሁ፤ ነፍሴ የወጣች መሰለኝ። ሳይክሌን ጥዬ በእግሬ ሮጥኩ።

በሕይወት አለች። ትከሻዋ ተሰብሯል፣ አፏ ደም ነው፣ ግን ትተነፍሳለች። እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ይሄ ይድናል አልኳት። ይሄ ስብራት ብቻ ነው፣ ይድናል።

ባዶው ሳይክል ግን አልወደቀም።

ቀጥ ብሎ ወረደ። መታጠፊያውን ሰው እንደያዘው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። ገደል ሲገባ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

ምንም አልሰማሁም።

"መኪናው መጣ?" አለችኝ ኢቢሴ በሹክሹክታ።

"እየመጣ ነው።"

"ከታች ነው የሚመጣው?"

"ከላይ ነው እንጂ። እሸቱ ነው።"

"ታዲያ ያ ምንድነው?"

ዞሬ አየሁ።

ሳይክሏ ከጉሙ ወጣ። ሰው የለበትም። ፔዳሎቹ በየተራ እየተረገጡ፣ እየተረገጡ... ዳገቱን ወደ እኛ ይወጣል። አይቸኩልም።

እግራችን ሥር ሲደርስ ቆመ። አልተደገፈም፣ አልዘመመም።

ተቀመጪ እንደሚል ሰው፣ ኮርቻውን ወደ እህቴ አዞረላት።