የቡድን ሰባት አራተኛ ሰው

ኪሩ የሚባለው ወጣት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ገደል ሥር ሞቶ ሲገኝ ከቡድን ጓደኞቹ አንዳቸውም የአባቱን ስም አያውቁም ነበር። ሳጅን ዲዳ የአባት ስም የሚሞላበትን ቦታ ክፍት ትቶ ለዞኑ ወንጀል ምርመራ አዳማ ደወለ።

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ ቤቷ ዕቃ እያጠበች ነበር። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፏል። ቅዳሜ ለሌላው ሰው እረፍት ነው፤ ለእሷ ከሳምንቱ ሁሉ የሚረዝም ቀን ነው። ሰው ሞቶ ደስ አላት አይባልም እንጂ የመኪናዋን ቁልፍ ያነሳችው እጇን እንኳ በወጉ ሳታደርቅ ነው።

ዲዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ጠበቃት።

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር። ከአዳማ የመጡ የፎቶ ፍለጋ ተወዳዳሪዎች ናቸው። የማይተዋወቁ ሰዎችን በዕጣ አራት አራት አድርገው ይመድቧቸዋል፤ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን እየፈለጉ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ከምሳ በኋላ ቡድን ሰባት ለየብቻ ሲበታተን ይሄኛው ሐይቁን ላንሳ ብሎ መጣና ራሱን ወረወረ።»

«ሲወረውር ማን አየ?»

«ያየ የለም፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ድምፅ ነው የተሰማው። ግን ‹መኖር ሰልችቶኛል› ሲል ኢዩ የሚባለው የቡድኑ ልጅ ሰምቶታል።»

በዚህ መሀል የሟቹ ስልክ ጮኸ። ሮማነወርቅ አነሳችው። ሞጆ የምትኖረው እናቱ ነበረች፤ ዲዳ ቀደም ሲል በዚሁ ስልክ ደውሎ መርዶውን ነግሯታል።

«እህቴ፣ ነገ ነው የምንቀብረው» አለች። «ራሱን አጠፋ የሚል ወረቀት ከጻፋችሁ ፍትሐት ይከለከላል፤ ልጄ ያለ ጸሎት አፈር ሊገባ ነው። ጽጌን እየጾመ እኮ ነበር! ማንም ሳያስገድደው የሚጾም ልጅ እንዴት እንዲህ ያደርጋል?»

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሚጾመው ይጾማል፣ የማይጾመው ሥጋውን ይበላል፤ ማንም ማንን አይጠይቅም። ሮማነወርቅ «እናጣራለን» ብቻ ብላ ዘጋች። ከዚህ በላይ ቃል መግባት አትወድም።

ከዚያ ቡድኑ የለጠፋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። ሦስቱ ሰዎች ግድግዳ ላይ ከተሳለ አንበሳ ሥር፣ ሦስቱ ባጃጅ ውስጥ ታጭቀው፣ ሦስቱ ሸንኮራ እየጋጡ። ኪሩ አንዱም ላይ የለም። ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ የዋለው እሱ ነበር። ከሰው ጋር ለመዋል መቶ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ የመጣ ሰው፣ የዋለበት ማስረጃ እንኳ የለውም።

መጀመሪያ ሱሃይላን አነጋገረች። አዳማ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሻርፕዋን አጥብቃ ያሰረች ልጅ ናት።

«ምን አወራችሁ?»

«ብዙ አያወራም። ግን ‹ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ የምሄድበት የቆየ ጉዳይ አለኝ፤ ከተናገርኩ በኋላ ይቀለኛል› አለኝ።»

«ምሳስ?»

«ኢዩ ቀድሞን ደርሶ አዝዞ ነበር። ሻርፔን አይቶ ነው መሰለኝ ለእኔ በያይነቱ አዘዘልኝ። ጨዋ ነው።»

«ኪሩስ ምን በላ?»

«እሱም በያይነቱ። ሳህኑን አየ፣ ኢዩን አየ፣ ከዚያ ዝም ብሎ በላ። ከምሳ በኋላ እኔ ገበያ ቀይ ጃንጥላ ፍለጋ ሄድኩ።»

ምልኬሳ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ቀኝ እጁ ተቧጭሯል።

«ይሄስ?»

«የትላንት ነው፣ ማሽን ነው» አለ እጁን እያገላበጠ። «ከምሳ በኋላ ጥቅስ የተጻፈበት ባጃጅ ነበር የደረሰኝ። አነሳሁ፤ ባለቤቱንም ጠይቂው። ኢዩ ያጌጠውን የጋሪ ፈረስ እኔ ላንሳ ብሎ ራሱ መረጠ። እሱ መጀመሪያ ቡድን ሦስት ነበር፤ ጠዋት ነው ለምኖ ወደ እኛ የተቀየረው።»

ዲዳ የባጃጁን ባለቤትም ጃንጥላ ሻጯንም አግኝቶ ጠየቃቸው፤ ሁለቱም ልጆቹን ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ አይተዋል። ሮማነወርቅ ወደ ኢዩ ዞረች። የሠላሳ ምናምን ዓመት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ኪሩን ከዚህ በፊት ታውቀው ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነው የተጨባበጥነው።»

«ሲሞትስ የት ነበርክ?»

«ጋሪ ተራ። ፎቶው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተለጥፏል፤ እዩት።»

አየችው። ባለ ቀይ ጥለት ልጓም ያደረገ ፈረስ፣ ከጋሪ ጋር ተጠምዶ። በእግሯ ጋሪ ተራ ወረደች። ፈረሱ የጫምሳ ነው አሏት።

«አካም ኦልተኒ አባባ» ብላ ሽማግሌውን ሰላም አለችና ፎቶውን አሳየች። «ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ነው?»

ጫምሳ ሳቁ። «ቅዳሜ የገበያ ጭነት ጠዋት ነው ልጄ። ስድስት ሰዓት ላይ ፈትቼ ውሃ ዳር አሳርፈዋለሁ፤ እስከ አሥር ጋሪ አይነካውም። የቸኮለ ሰው እጥፍ ቢከፍለኝም አልጠምደውም።»

ስትመለስ ምሳ የበሉበት ቤት ገባች። አስተናጋጇ ሶረቲ አልረሳችም። «ብቻውን መጥቶ ሁለት ጥብስ፣ ሁለት በያይነቱ አዘዘ። ከአንደኛው በያይነቱ ላይ ቀይ ሥር አታድርጊ አለኝ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሮማነወርቅ ሁሉንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች። አራተኛውን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም።

«ሱሃይላ» አለች። «ቀይ ሥር አትበይም?»

«እኔ? እወዳለሁ እንጂ።»

«ስለዚህ ቀይ ሥር የሌለው ሳህን የኪሩ ነበር። ኢዩ፣ የሱሃይላን ሻርፕ አየህ፣ ገባኝ። ኪሩ ላይ ግን ምን አየህ? ጽጌን መጾሙ ግንባሩ ላይ አልተጻፈ።»

«እንዲሁ… በአጋጣሚ ነው።»

«በያይነቱ በአጋጣሚ ይሁንልህ። ቀይ ሥሩስ? ይህን የሚያውቅ ከሰውየው ጋር አንድ መሶብ የቀረበ ነው። ዕጣህን ያስቀየርከውም እሱ ያለበት ቡድን ለመግባት ነው። ፈረሱም ከስድስት ሰዓት ወዲህ አልተጠመደም፤ ፎቶውን ጠዋት አንስተህ ደብቀህ አቆየኸው። ያን ጊዜ ጋሪ ተራ ካልነበርክ የት ነበርክ? ‹መኖር ሰልችቶኛል› ማለቱንም ካንተ በቀር የሰማ የለም። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ሰኞን ይጠብቃል እንጂ ቅዳሜ አይሞትም።»

የኢዩ ትከሻ ወረደ።

«አዳማ አብረን ተከራይተን እንኖር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከሞጆ ስንመለስ አንዲት ሴት ገጭቼ ሳላቆም ሄድኩ። እሱ አጠገቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰው ተለየ። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ‹ሰኞ ልናገር ነው፣ አብረን እንሂድ› አለኝ፤ ቅዳሜ ወደዚህ ውድድር እንደሚመጣም ነገረኝ። ልለምነው ነው የመጣሁት።»

«ሊለምን የመጣ ሰው የጠዋት ፎቶ አያስቀምጥም።»

«እምቢ ቢለኝ ብዬ ነው። አፋፉ ላይ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ፤ ገፋሁት። አውቶቡስ ላይ እንተዋወቅ ብዬ እጄን ስዘረጋ አየኝ፣ አየኝና ‹ኪሩ እባላለሁ› አለ።» ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። «ቀይ ሥሩን ሳላስበው ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማዝለት።»

ሱሃይላ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች። ዲዳ ካቴናውን አወጣ።

ሮማነወርቅ ወረቀቱ ላይ «በሰው እጅ የተፈጸመ ግድያ» ብላ ጽፋ ፈረመች፤ ለእናቲቱም ደውላ ፍትሐቱ እንደማይከለከል ነገረቻት። እናቲቱ ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ሳትዘጋ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

እሁድ ሥራ አልነበራትም። ቢሆንም ሞጆ ሄደች። ቀብሩ ላይ የእናቲቱ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ፤ በልጁ በኩል የመጣ አይታይም። ካህናቱ ጸሎቱን ሲጨርሱ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሁለት ሰዎች ቆመው አየች፤ ምልኬሳ በፋብሪካ ጃኬቱ፣ ሱሃይላ ጥቁር ለብሳ።

እናቲቱም አየቻቸው። በሰው ተደግፋ እስከ በሩ መጣችና ግራ በተጋባ ዓይን ተራ በተራ ተመለከተቻቸው።

«ልጄ ጓደኛ አልነበረውም» አለች። «እናንተ ምኑ ናችሁ?»

ሱሃይላ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«አብረነው ነበርን እናቴ» አለች። «የእሱ ቡድን ነን።»