በዳሲቱ አድራሻ የመጣው መልስ

በሌላ ሰው ስም የሚጣራ፣ መልሱን ከማን እንደሚቀበል አያውቅም። ይህን የምለው ተረት ለማስተማር አይደለም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያላመነ አለማመኑ መብቱ ነው።

ነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ቦታው አቃቂ በሰቃ፣ በአስተዳደር ኃላፊነት ያገለገልኩበት የብረታ ብረት ፋብሪካ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ዳሲቱ ተወንጅላ ነበር። አንድ መኪና ብረት ከግቢ እንዲወጣ የሚያዝ መልእክት ከኮምፒውተሯ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ ከሚለይበት ቁጥር፣ ተልኮ፣ ብረቱ የውኃ ሽታ ሆኗል። በማግስቱ ፖሊስ ሊወስዳት ነው። ኮምፒውተሯን ነቅለን፣ በአቡጀዴ ጠቅልለን፣ በሰም አሽገን ቢሮዬ ጥግ አስቀምጠነዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

የኔትወርክ ባለሙያው በዛብህ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ከግድግዳው ኬብል ጋር አገናኘ።

«ጋሼ፣ አድራሻ አይዋሽም» አለኝ። ጥጉ አጠገብ ወደተቀመጠችው ዳሲቱም ዞሮ፦ «እትዬ፣ ማሽን ዘመድ የለውም፤ አያዳላም።»

«ያንተንማ ዝምድና አየሁት» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«በእርሷ አድራሻ ከሌላ ኮምፒውተር መላክ አይቻልም?» ስል ጠየቅሁት።

«በፍጹም። ላሳይዎት።»

ፒንግ የሚሉት ትእዛዝ አለ፤ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ?» ብሎ ይጠይቅበታል። ጠያቂው የሚነሣበትን አድራሻ መርጦ መጻፍ ይችላል። የራሱ ያልሆነውን ከጻፈ ግን ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል።

በዛብህ የዳሲቱን አድራሻ በመነሻነት ጻፈ። እምቢታውን ጠበቅን።

ኮምፒውተሩ ተቀበለው...

«አለሁ» የሚለው መልስ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር።

ያን ጊዜ ገባኝ። የዳሲቱን አድራሻ በገዛ ላፕቶፑ ላይ እንደ ራሱ አድራሻ አስገብቶት ኖሯል፤ ሥራውን ከፈጸመበት በኋላ ማጥፋቱን ዘንግቷል።

በዛብህም ገባው። አድራሻውን ከላፕቶፑ አጠፋና እንደገና ሞከረ።

አሁንም ተቀበለው።

ኬብሉን ከግድግዳው መነጨቀው።

መልሱ አልቆመም...

«በዛብህ» አልኩት በሹክሹክታ፤ «ማን ነው የሚመልስልህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ... ከማንም ጋር አልተገናኘም።»

ከጥጉ የማራገቢያ ዓይነት ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማኝ። ዳሲቱ ተነሥታ መዳፏን በአቡጀዴው ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ... ይሞቃል።»

መሳቢያዬን ከፈትኩ። ገመዱ ካስቀመጥኩበት አልተነሣም።

በዛብህ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እትዬ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ምሳ ሲወጡ... በአድራሻቸው የላክሁት እኔ ነኝ።»

መልሱ ቆመ። ድምፁም ቆመ። የዝናቡ ብቻ ቀረ።

ፖሊስ በማግስቱ ሲመጣ ዳሲቱ ከግምጃ ቤቷ በር ላይ ቁልፎቿን ይዛ ቆማ ነበር። ኮምፒውተሩ ፍርድ እስኪሰጥ እንደታሸገ ቆየ። ከዚያ በኋላ ሰሙን የሰበርኩት እኔ ራሴ ነኝ። አቡጀዴውን ስገልጥ፣ ገመዱ ገና በእጄ ሳለ፣ አረንጓዴው መብራት በርቶ ነበር።

በዛብህ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገባ።