ከካናዳ የመጣችው ሐና

እኔ እንኳን በእንዲህ ያለ ነገር ላምን፣ ሌላው ሲያወራ ሰምቼ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ለማጣፈጥ የጨመርኩት አንድም ነገር የለም፣ እመኑኝ፣ እንዲያውም እፍረቱን ቀንሼ ባወራው ደስ ባለኝ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤቴ ውስጥ በረዶ ዘግቶባት ነበር፣ እኔ ደግሞ ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነውና የራሴን እናት የማይበት ጊዜ የለኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቶሎ ወጣሁና፣ የሥራ ባጄን ከአንገቴ ሳላወልቅ፣ ሚኒያፖሊስ ወዳለ አንድ የሥዕል ጋለሪ ወሰድኳት፣ የድሮ የካናዳ ሥዕሎች መጥተዋል ተብሎ፣ ከሁሉም በላይ መግቢያው ነጻ ስለሆነ።

በረዶ፣ ፈረስ፣ እንደገና በረዶ። "ይሄንንማ በመስኮት አየዋለሁ" አለች እማዬ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሥዕል ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፣ ወንዝ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ሰዎች ይሰጥማሉ፣ ከላይ ደመና ውስጥ አንዲት ሴትዮ ልጇን ይዛ ቁልቁል ታያቸዋለች።

"ሐና ናት እኮ! ማርያምን ይዛ!"

"እማዬ፣ ይሄ የካናዳ ነው።"

"ታዲያ ካናዳ ሰው አይሰጥምም? ከውኃ አውጥታው፣ ይሄን ሥዕል አሥሎ ስለቱን ያገባ ሰው ነው።" ጀልባውን ሙጥኝ ወዳለ ሰውዬ ጠቆመች። "እየው፣ ቁርጥ አንተን!"

ሰውየው ጢማም ፈረንጅ ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ ያየናል፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ እውነትም እኔን ይመስላል። የውኃ ጠብታ ሰማሁ፣ የማሞቂያው ቧንቧ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ዝናብ የመታው የሱፍ ልብስ ሸተተኝ፣ የአንዱ ካፖርት ይሆናል አልኩ። ዞር ስል እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ወለሉ ላይ ተደፍታ ትሰግዳለች።

ሰው ሁሉ ያየናል። ጥበቃው መጣና በትሕትና "አብራችሁ ናችሁ?" አለኝ።

"ክላየንቴ ናት፣ እኔ ኬር ጊቨሯ ነኝ" አልኩት፣ እየተከፈለኝ የምንከባከባት አሮጊት ናት ማለቴ ነው፣ ባጄንም ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

"ታድላለች፣ እንዳንተ ያለ ታጋሽ ሰው በማግኘቷ" አለኝ።

ጠብታው ቆመ። እማዬ በጉልበቷ እንዳለች ቀና ብላ ነበር፣ እኔም ወደ ሥዕሉ ቀና ስል፣ በእናቴ እንዳልምልላችሁ አፍሬ ነው፣ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጀልባውን እንደያዘ ነው፣ ፊቱ ግን አይታይም። ጥበቃውን ብጠይቀው "ድሮም እንዲሁ ነው" አለኝ።

መኪና ውስጥ እማዬ "ያ ጥበቃ ምን አለህ?" አለችኝ።

"ጫማቸውን ያድርጉ ነው ያለው።"

"አንተስ?"

"እናቴ ናት አልኩታ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ሲዞር አይተሻል?" አልኳት።

"እኔ አንተን ነበር የማይ" አለችኝ። እንግሊዝኛ አታውቅም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ግን ባጁን ሳነሳ ለማየት እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል።

ሥዕሎቹ በዚህ ሳምንት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ አሉ። እማዬ ሐናን ልሰናበታት ውሰደኝ ትላለች፣ እኔ ሥራ አለብኝ እላታለሁ። ሰውየው ዛሬም ጀርባውን ሰጥቶ ባገኘው አልፈራም፣ የምፈራው ዞሮ ቢጠብቀኝ፣ ያው ጥበቃም መጥቶ ቢጠይቀኝ፣ አሁንም ምን ብዬ እንደምመልስ ስለማላውቅ ነው።