ለቀበሮ የተጻፈ ጥያቄ

«በኢየሱስ ስም! ምሥጋና፣ ተነሺ! ድግምት ተደርጎብናል!»

እትዬ የትምወርቅ ካፖርታቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ መጥረጊያቸውን እንደ ጦር ቀስረው፣ ጓሮ ያለውን በረዶ እየገሠጹ ነው። ምሥጋና በባዶ እግሯ ወደ መስኮቱ ሮጠች። በረዶው ላይ በእንጨት የተሰመሩ አራት ማዕዘን ቤቶች፣ በየቤቱ የቆሙ ስንጥሮች፣ ዙሪያውን የተበተነ ለውዝ።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው!»

«ለምን አልነካውም? በደሙ የተገዛሁ ነኝ!» አሉና የዳር ዳሩን መጥረግ ጀመሩ።

ድግምት እንኳ አልነበረም። ጥያቄ ነው፤ የጠያቂውም ስም አምበሬ ይባላል።

አምበሬ የማሊ ሰው ነው፤ ዶጎን ከሚባለው ሕዝብ። ሜፕልዉድ በሚባል የአሜሪካ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከምሥጋና ጋር ይሠራል። የተዋወቁት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ መኪናዋ አልነሣም ብሏት ፓርኪንግ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ባትሪዋን ከራሱ መኪና ጋር አያይዞ ጃምፕ ያደረገላት ዕለት ነው። መኪናው በአምስት ደቂቃ ተነሣ፤ እነሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከመኪና አልወረዱም። የት ይውረዱ? እሱ ከአራት ወንዶች ጋር አንድ አፓርትመንት ይጋራል። እሷ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ሪችፊልድ ከእናቷ ጋር ናት፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እናቷን ለኩላሊት እጥበት ትወስዳለች፣ በቀረው ቀን ሥራ፣ እሑድ ቸርች። ፍቅራቸው ሞተሩ እየሠራ፣ ማሞቂያው እየነፋ፣ መስታወቱ ጉም እንደለበሰ እዚያው ተቀምጦ ቀረ።

አገሩንም ያስጎበኛት እዚያው ነው፤ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ። ባንዲያጋራ የሚባለውን ማለቂያ የሌለው ገደል፣ ከሥሩ የተለጠፉትን የጭቃ ቤቶች፣ የሣር ቆብ የደፉትን ጎተራዎች፣ ሙታን በገመድ እየተሳቡ የሚያርፉበትን ከላይ ያለውን ዋሻ።

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ የድምፅ መልእክት ላከ። አባታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በነሱ ወግ፣ ጭምብል ያጠለቁ ጨፋሪዎች ዳማ የሚባለውን ሥርዓት እስኪያደርጉለት ድረስ የሟች ነፍስ ከግቢው አይወጣም። «በጦርነት የተዘጋው መንገድ ዘንድሮ ተከፍቷል፤ የከርሞውን ማንም አያውቅም። ና፣ አባታችንን እናስወጣው» ይላል ወንድሙ። የአምበሬ የመኖሪያ ፈቃድ ፔፐር ደግሞ አላለቀም፤ ከአሜሪካ ከወጣ መመለሻ የለውም።

«አብረን እንሂድ» አላት።

«እኔም ልጨፍር?»

«ሴት ወደ ጭምብል አትጠጋም። ከሩቅ ታያለሽ።»

«ከሩቅ ለማየት ነው እዚያ ድረስ የምታስኬደኝ?»

ሳቁ። «እናቴንስ?» አለች ሳቁ ሲበርድ፤ ሁልጊዜም የምትለው ይህንኑ ነው።

እናም ትናንት አመሻሽ ሊያደርሳት ሲመጣ፣ አጎቱ አሸዋ ላይ ሲያደርግ ያየውን እሱ በረዶ ላይ አደረገው። በነሱ አገር ጠቢቡ ጥያቄውን ያሰምርና ለውዝ ይበትናል፤ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ቀበሮ ትመጣለች፤ ጠዋት ዱካዋ ይነበባል። በዚህ ሕንጻ ጓሮም አንዲት ቀበሮ ትዞራለች። የግራው ቤት «ሂድ»፣ የቀኙ «ቅር»።

ምሥጋና ጫማዋን አጥልቃ ስትወርድ ዱካው ነበር። ጥርት ያለ፤ ከለውዙ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ግራ።

አየችው። ዙሪያዋን ገላመጠች። ከዚያ «እንዳትነኪው» ስትል የነበረችው ልጅ ቀስ ብላ፣ «ጥረጊው እማዬ» አለች።

እናትየው የመጨረሻውን መስመር ሲያጠፉ አምበሬ ከሌሊት ፈረቃው ደረሰ።

«እንደምን አደሩ እትዬ? እንቅልፍዎስ? ጉልበትዎስ? ቤቱስ? ጎረቤቱስ?» አለ በተማራት አማርኛ። በነሱ አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። እትዬ የትምወርቅም ሰላምታ ሳይመልሱ መጣላት አያውቁበትምና፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ አምስት ጊዜ «ጌታ ይመስገን» አሉ።

አምበሬ የተጠረገውን በረዶ አይቶ ወደ ምሥጋና ዞረና በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«አልነበረም» አለችው፤ ራሷን ነቅንቃ፣ ዓይኗን ሰብራ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ እናትየው።

«የቀበሮ ዱካ ነበረ ወይ ነው የሚለው።»

«ነበረ እንጂ! በዚህ በግራ በኩል። ልጁን ምን ትዋሺዋለሽ?»

አምበሬ እጃቸው የጠቆመበትን አየ። ምሥጋናን አየ። አስተያየቱ ከቁጣ ይልቅ ከበዳትና እያለቀሰች ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መኪናውን፣ ገደሉን፣ አባቱን።

«እሱን እንኳ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ የትምወርቅ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተር ሳያጠፋ የሚቆም መኪና፣ ሕንጻው በሙሉ ያውቀዋል። አባቱን ነው ያላወቅሁት።» «ታዲያ አንቺን ምን ያዘሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ? ኢንሹራንሱ ለእጥበቱ መኪና እንላክልሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፏል። እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ ያልሽው አንቺ!»

ደብዳቤዎቹን ያነበበችላቸው እሷው፣ መሳቢያ ውስጥ የከተተቻቸውም እሷው ናት።

«እማዬ፣ እሱ ከሄደ አይመለስም። እኔም ከሄድኩ... ልቀር እችላለሁ።»

እትዬ የትምወርቅ መጥረጊያው ላይ የተጣበቀውን በረዶ ያራግፉ ጀመር። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

«እንግዲያው ሳትሄጂ ኢንሹራንሱ ጋ ደውይላቸው» አሉ። «ማክሰኞ መኪናውን ይላኩ። የእኔን እንግሊዝኛ እንደሆነ አይሰሙትም።»