በቀኝ ጥግ የተጻፈ አድራሻ

ሰውየው ገና የክፍሉን በር ሲከፍት የመምህርቷ ደም ፈላ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ነው፤ ተማሪዎች ከጀርባው «ቀይ እስክሪብቶ» የሚሉት። ቢበልጣት በሁለት ዓመት ነው፤ እሷ ግን ልታርቀው ስትል «እርስዎ» ትለዋለች። እዚህ ትምህርት ቤት ከተቀጠረች ጀምሮ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም። አሁን ደግሞ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል ገምጋሚ ሆኖ መጣና ከኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሱ ቃል ወይ ቋሚ ያደርጋታል፣ ወይ ጓዟን ያስጠቀልላታል። ከሰው ሁሉ ተመርጦ እሱ ይምጣ?

የዕለቱ ትምህርት ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ነበር።

«የቤት ሥራችሁን አነበብኩ» አለች ተማሪዎቹን። «ሁላችሁም ‹ለጤናህ እንዴት ነህ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ› ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። እውነት ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ጓደኛ ማለት እኮ ‹ደህና አይደለሁም› የምትሉት ሰው ነው። እንደምታወሩት ጻፉ። ሌላው ትርፍ ነው።»

«አድራሻና ቀኑም ትርፍ ነው?» አለ ኃላፊው ከኋላ። እጁን እንኳ አላወጣም።

«ጓደኛ ቤት ስንገባ መታወቂያ አናሳይም፣ ጌታዬ።»

«አድራሻ እኮ ለጌጥ አይደለም። ያ ሰው መልሱን የት ይላከው? በነፋስ?»

ተማሪዎቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። ፊቷ ጋለ። ጠመኔውን ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ያሳዩን። ለአንድ ጓደኛዎ ይጻፉ።»

ተነስቶ መጣ። በሰሌዳው ቀኝ ጥግ የትምህርት ቤቱን አድራሻ፣ ከሥሩ ቀኑን፣ ዝቅ ብሎ «ውድ ጓደኛዬ» ብሎ ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ ይሄም አናደዳት። ከዚያ ቆመ። ክፍሉ ጠበቀ። አንዴ ዞር ብሎ አያት፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ለማን ነው የሚጽፉት?» አለች አንዲት ተማሪ፣ ለክፋት ሳይሆን።

ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ማሸነፏ ግን ምንም አልጣማትም። የሚጽፍለት ሰው የሌለውን ምስኪን ሰው በተማሪዎች ፊት አዋረድኩ እያለች ራሷን ስትረግም ዋለች።

ተማሪዎቹ ሲለቀቁ ይቅርታ ልትጠይቅ ቢሮው ገባች። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ግምገማሽን ለምክትል ርዕሰ መምህሯ አስተላልፌዋለሁ። ነገ ክፍልሽ ትገባለች።»

ይቅርታውን ረሳችው። ምክትሏ ፊቷ የማይፈታ፣ ማንንም የማትምር ሴት ናት፤ አምና ስንቱን አሰናብታለች።

«ሊያስባርሩኝ ነው?»

«አንቺን መገምገም አልችልም። ሚዛኔ ትክክል አይደለም።»

«በቃ፣ ይጠሉኛል ማለት ነው።»

«እንደፈለግሽ ተረጂው።»

«ወንድ ከሆኑ ፊት ለፊት ይናገሩ» ብላ በሩን በላዩ ላይ አላትማ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ለሥራዋ ይሁን ለሌላ ነገር፣ እሷም በውል አላወቀችውም።

በማግስቱ ምክትሏ ከኋላ ተቀምጣለች። ሰሌዳውን ማንም አላጠፋውም፤ «ውድ ጓደኛዬ» እንዳለ ነው። ዳስተሩን ስታነሳ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው።

«የጀመርኩትን ልጨርስ?»

ምክትሏ ፊት እምቢ አይባል ነገር። ዛሬ ጉዴን ሊያፈላው ነው አለች በልቧ፣ ጠመኔውን ልትወረውርበት ምንም ሳይቀራት። እሱ ተቀብሎ ያለማቋረጥ ጻፈ፦

«እንዴት ነሽ? እኔ ደህና አይደለሁም። ትናንት እዚህ ቆሜ የምጽፍለት ሰው ሳስብ ካንቺ ሌላ አልመጣልኝም። ጓደኛዬ እንዳልልሽ፣ ስንጣላ ነው የምንውለው። ካንቺ ጋር የማልጣላበት ቅዳሜና እሁድ ግን አልገፋ ይለኛል። ያልገመገምኩሽ ስለማዳላልሽ ነው። ፊት ለፊት ተናገር ብለሻል፤ ይኸው ተናገርኩ።»

ከሥሩ ፈረመ፦ «ቀይ እስክሪብቶ»።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ለካ ቅጽል ስሙን ያውቀው ኖሯል። እሷ ምን ዓይነት ደፋር ነው ብላ ለመናደድ ሞከረች፤ ንዴቱ እምቢ አላት። ጠረጴዛውን ተደገፈች።

ምክትሏ ወረቀቷን አጠፈች። «ይሄን ትምህርት ልጆቹ የሚረሱት አይመስለኝም። ማለፍሽን ጽፌያለሁ» አለች፣ ፊቷ ሳይፈታ። ከወንበሯ ግን አልተነሳችም። «መልስ እንዴት እንደሚጻፍም ቢያዩ አይከፋም።»

መምህርቷ ግማሹን ሰሌዳ አጠፋች። እጇ ሳታዘው ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። የትምህርት ቤቱን አድራሻ አልጻፈችም፤ የቤቷን ነው፦ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ከሥሩ «ቅዳሜ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ዝቅ ብላ፦ «ውድ ቀይ እስክሪብቶ፣ እኔም ደህና አይደለሁም። የቀረንን ጠብ ቤቴ መጥተህ እንጨርሰው።»

እሱ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ልማድ አይለቅም፤ ጠጋ ብሎ በቀስታ፣ «ቀኑ ተሳስቷል፤ ዛሬ ሐሙስ ነው» አላት።

«አልተሳሳተም» አለችው። «አርፈህ አንብብ፣ አንተ።»