የአረንጓዴው ዛፍ ጥም

በጤና ጣቢያው ግቢ ሁለት ዛፎች ነበሩ። አንደኛው በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሌላው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን ጥላው ሥር ይቀመጣሉ። ዝናብ በቀረበት ዓመት ለአትክልተኛው በቀን አንድ በርሜል ውሃ ብቻ ተፈቀደለት። ሠራተኞቹ «አባ ቱቦ» የሚሉት ይህ ሰው ሆዱ አይችልምና፣ በርሜሉን እንዳለ ራቁቱን ለቀረው ዛፍ ያጠጣ ጀመር። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ለሌላውም እንዲያስብ ብትነግረው፣ «እሱ ደግሞ ምን ጎደለው? እንደ ሙሽራ አምሮበት ቆሟል» ብሎ አሳቃት።

ስለ ታላቅ እህቱም የሚለው ይህንኑ ነበር። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እናታቸውን ሦስት ዓመት ያስታመመችው እሷ ብቻዋን ናት። ታናሽ እህቱ ግን በትንሽ በትልቁ ስለምታለቅስ፣ እሱ እረፍት ባገኘ ቁጥር የሚሮጠው ወደ እሷ ቤት ነው። የታላቂቱ ቤት ሁልጊዜ የተጠረገ፣ ፊቷም የታጠበ ነው።

በሦስተኛው ወር የአረንጓዴው ዛፍ አናት መድረቅ ጀመረ። አትክልተኛው ደንግጦ፣ ደም ግፊታቸውን ሊለኩ የመጡ ጡረተኛ የሳይንስ መምህርት ጠርቶ አሳያቸው። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወደ ራቁቱ ዛፍ ሄደው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ውስጡ እርጥብ ነው።

«ይሄ ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አሉት። «ውሃን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው ቅጠል ነው። ግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያልፍባቸው የዚህ ቧንቧዎች ሰፋፊ ስለሆኑ በድርቅ ቶሎ አየር ይገባባቸዋል፤ ስለዚህ ቅጠሉን ጥሎ በሩን ዘጋ። አሁን ብዙም አይጠጣልህም።»

«ያኛውስ፣ እትዬ?»

«ያኛው ቧንቧው ጠባብ፣ ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ብዙ ይችላል። ግን ቅጠሉን ስላልጣለ ውሃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይተናል። አፈሩ ሲደርቅበት የውሃው ክር ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ለዓይን የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ምነው ቀደም ብሎ ምልክት ቢሰጠኝ?»

«ቻይ አይናገርም፣ ልጄ። ጠያቂ ነው የሚፈልገው።»

የዚያን ቀን በርሜሉን አረንጓዴው ዛፍ ሥር አፈሰሰ። ከሥራ ሲወጣም ወደ ታላቅ እህቱ ቤት አቀና። መጥረጊያ እንደያዘች ከፈተችለትና ማን እንደታመመ ጠየቀችው።

«አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አላት።

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወገቧ ከተያዘ ዓመት እንዳለፈው የነገረችው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ እናቱን የሚያገላብጠው እሱ ነው። የዛፉ አናት አላገገመም፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ግን ተርፎ ሕሙማኑን ያስጠልላል።

በየቤታችን ቅጠሉን ያልጣለ ሰው አለ። አምሮበታል ብለን ውሃ ይዘን አንለፈው።